አክስቴ ገመዱ ላይ ያሰረችው ጨርቅ

አዘዞ ያለችው አክስቴ ግቢ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ አለ። አፉ በአሮጌ የመኪና ጎማ ታጥሯል፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ውሃው ለልብስ፣ ለዕቃና ለጓሮ ጎመን ነው። ቧንቧ ሲጠፋ ደግሞ ለሁሉም ነገር ይሆናል። ቧንቧ እንዴት እንደሚጠፋ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃውን የጠበቀ ያውቀዋል።

አክስቴ አንድ ልማድ አላት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ መቅጃዋን ቀስ አድርጋ ታወርዳለች። መቅጃው ውሃውን ሲነካ፣ ገመዱ ከጉድጓዱ አፍ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ቁራጭ ጨርቅ ታስራለች። የመጀመሪያው ዓመት ጨርቅ ነጭ ነው። ቀጥሎ ቀይ። ከዚያ አረንጓዴ፣ ከልጇ አሮጌ ዩኒፎርም የተቀደደ። ለምን እንደምታስር ስጠይቃት «ገመድ ስገዛ ስንት ክንድ እንደሚበቃኝ እንዳውቅ ነዋ!» አለችኝ። እንደ ጅል እያየችኝ።

ሦስቱ ጨርቆች ተጠጋግተው ነው የታሰሩት፤ በመካከላቸው ስንዝር አይሞላም። አራተኛው፣ ቢጫው፣ ግን ሦስት ክንድ ያህል ርቋል። ሦስት ክንድ ማለት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ከመንገዱ ማዶ ላቫጆ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቱ ሪግ (የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና) አስመጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሯል። አክስቴ ፍርዷን ሰጥታ ጨርሳለች። «ውሃዬን መኪና አጠቡበት» ትላለች።

እውነቷን ነው? ይህን ለመመለስ ከመሬት በታች ያለው ውሃ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ከአንድ ግቢ አልፎ የከተማዋ ሁሉ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ከሥር ሐይቅ የለም

ብዙ ሰው «የከርሰ ምድር ውሃ» ሲባል የሚታየው ከመሬት ሥር የተኛ ሐይቅ ወይም የሚሮጥ ወንዝ ነው። ለጎንደር ይህ ሥዕል አይሠራም። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ባዛልት ይሉታል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ እየወጣ፣ እየተደራረበ የረጋ ዓለት ነው። የፋሲል ግንብም የቆመው በዚሁ ድንጋይ ነው።

ንብርብሩን መሶብ ውስጥ እንደተደረደረ እንጀራ አስቡት። አንዱ ፈሰሰ፣ ቀዘቀዘ፣ ተሰነጠቀ። ብዙ ዘመን ቆይቶ ሌላ ፈሰሰበት። በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም ጊዜ ደግሞ ላዩ እየበሰበሰ አንዳንድ ቦታ ቀይ አፈር ሆነ። ውሃው የሚገኘው በስንጥቁ ውስጥ፣ በበሰበሰው ዓለትና በንብርብሮቹ መገናኛ ላይ ነው። ቀዩ ሸክላ አፈር ብዙ ጊዜ ውሃ እሺ ብሎ አያሳልፍም፤ እንደ ክዳን ይሆናል።

እንጀራን ካነሳን አይቀር የዓይኑንም ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ጥቁር ድንጋይ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን የተሞላ ነው። ያየው ሰው «ይሄማ ስንት ውሃ ይይዛል!» ይላል። ዓይኖቹ እርስ በርስ ካልተገናኙ ግን ጥቅም የላቸውም። ውሃ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ውሃ መስጠት ሌላ ነገር። ጎረቤት 60 ሜትር ላይ ውሃ አግኝቶ እርስዎ 120 ሜትር ቆፍረው አቧራ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። የእሱ ጉድጓድ ስንጥቁን መታ፣ የእርስዎ በሁለት ስንጥቅ መካከል አለፈ። ዕድል ይመስላል። በከፊል ዕድልም ነው። ሪግ ከመጠራቱ በፊት የጂኦፊዚክስ ጥናት፣ ማለትም ሳይቆፍሩ ከላይ ሆኖ የመሬቱን ሆድ በመሣሪያ መመርመር፣ የሚደረገው ቁማሩን ትንሽ ለማቅለል ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጠንካራ ዓለት ጎተራው ትንሽ ነው። የወንዝ ዳር አሸዋ ከራሱ መጠን አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ ሊሰጥ ይችላል። የተሰነጠቀ ዓለት ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በቁጥር እንየው። በአንድ ሄክታር ላይ የውሃው ወለል፣ ማለትም ላይኛው ገጹ፣ አንድ ሜትር ቢወርድ፣ አሸዋው 2,000 ሜትር ኩብ ውሃ ሰጥቷል ማለት ነው። ዓለቱ ከመቶ ሁለት እጅ የሚሰጥ ቢሆን 200 ሜትር ኩብ ብቻ። ስለዚህ ዓለት ላይ የተቀመጠ ከተማ ትንሽ ቀድቶ ብዙ ይወርድበታል። ደግነቱ፣ ዝናብ ሲገባም በዚያው ልክ ቶሎ ከፍ ይላል።

ጥምቀት ላይ የሚረጨው

ውሃው ከየት ይመጣል? ከዝናብ። ጎንደር በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ሲሰላ 11,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሞላበት 550,000 ጀሪካን። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ክፍል ወይ በጎርፍ ይሄዳል፣ ወይ በፀሐይና በዕፅዋት በኩል ወደ ሰማይ ይመለሳል። ወደ ታች የሚሰርገው ትንሹ ነው።

የሰረገውም እዚያው ተኝቶ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ ነበር።

የቀሃን ወንዝ እንውሰድ። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ በቦይ በሚጠለፍ ውሃ እንዲሞላ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ክረምቱ ካበቃ ሦስት ወር አልፎታል። ታዲያ በጥር ቀሃ ላይ የሚወርደው ውሃ ከየት መጣ? ከመሬት ሥር ነው የመጣው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሰረገው ውሃ ቀስ እያለ በምንጭና በወንዙ ዳር ይወጣል። በደረቅ በጋ የሚፈስ ወንዝ ሁሉ በአብዛኛው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ከተማ ውስጥ የሚቀላቀልበትን ፍሳሽ ሳንቆጥር። ካህናቱ የሚባርኩት ያ ውሃ ከወራት በፊት የሆነ ገበሬ ማሳ ላይ የዘነበ፣ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የከረመ ውሃ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ገንዳውን የማየው በሌላ ዓይን ነው።

የተሰነጠቀው ጋን

ነገሩን በጋን ላስረዳ። ጎኑ ላይ የተሰነጠቀ ጋን አለ እንበል። ከላይ ውሃ ይጨመርበታል፣ በስንጥቁ ይፈሳል። ከስንጥቁ ሥር ጎረቤት ማሰሮ ደቅናለች። የሚጨመረውና የሚፈሰው እኩል ስለሆነ ጋኑ ባለበት ይቆያል። አንድ ብልጥ መጣና እንዲህ አለ፦ «በቀን አምስት ጣሳ ይጨመርበታል አይደል? እኔም በቀን አምስት ጣሳ ብቀዳ ምንም አይጎድልም።» ሒሳቡ ትክክል ይመስላል። መቅዳት ጀመረ። ውሃው ቀስ በቀስ ወርዶ ከስንጥቁ በታች ሆነ። የጎረቤቲቱ ማሰሮ ደረቀ።

ጋኑ አላለቀም። እዚያው ዝቅ ብሎ ለዘመናት ሊቆይ ይችላል። የጎረቤት ውሃ ግን ሄዷል።

«ከሚገባው በላይ እስካልቀዳን ድረስ ችግር የለም» የሚለውን አባባል ከተማሩ ሰዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። ስህተቱ ይኸው ነው። የሚገባው ውሃ ባለቤት አልባ አይደለም። ቀድሞውንም ወደ አንድ ቦታ ይሄድ ነበር። ወደ ምንጭ፣ ወደ ጠበል፣ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ፣ ከእነሱም በመገጭ በኩል ወደ ጣና። ከጉድጓድ የምናወጣው እያንዳንዱ ጀሪካን መጀመሪያ ከተጠራቀመው ላይ ይነሳል። ውሎ አድሮ ደግሞ ከእነዚህ ከአንዳቸው ላይ ይቀነሳል።

እንግዲህ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አጠቃቀም ሲባል ጥያቄው «ስንት ውሃ አለ?» አይደለም። «ከማን ላይ ቀንሰን ነው የምንቀዳው? እሱስ ምን አለ?» ነው። ይህ ደግሞ የኢንጂነር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌም ጥያቄ ነው። ቀሃ ሚያዝያ ላይ ቢቆም ይሁን እንላለን? የትኛው ምንጭ ቢደርቅ እንችለዋለን? በእጅ ጉድጓድ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቢደርቅባቸው ቧንቧ ይቀጠልላቸዋል? ተቀምጠን ካልወሰንን ትልቅ ፓምፕ ያለው ሰው ይወስንልናል።

ፓምፑ ሲነሳ

ወደ ላቫጆው ልመለስ።

ጎተራ ከሥሩ ተከፍቶ እህል ሲወጣ አይታችኋል? ላዩ እኩል አይወርድም። መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ዳር ዳሩ ወደ መሃል ይንሸራተታል። ፓምፕም ውሃውን እንዲሁ ያደርገዋል። ጉድጓዱ አጠገብ የውሃው ወለል በጣም ይወርዳል፣ እየራቁ ሲሄዱ እየሳሳ ይመጣል። ፓምፑ ብዙ ሰዓት በሠራ ቁጥር ስርጉዱ ይሰፋል። የሁለት ጉድጓድ ስርጉድ ሲገናኝ ይደመራል። ያኔ ሁለቱ ባለፓምፖች ቧንቧቸውን ወደ ታች እየጨመሩ ይፎካከራሉ፤ መጀመሪያ የሚሸነፈው ግን ገመድ የያዘው ነው።

ስንት ውሃ ነው የምናወራው? በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 288,000 ሊትር ያወጣል። 14,400 ጀሪካን። ለከተማ ውሃ የሚቆፈር ጉድጓድ ይህን ቢያወጣ የሚገርም አይደለም። ላቫጆ ግን ይህን ሁሉ ምን ያደርገዋል።

ከዚያ ደግሞ የቀዩ አፈር ጉዳይ አለ። የአክስቴ ጉድጓድ ላይ ላዩን ነው የሚጠጣው፣ የላቫጆው ከጥልቅ። በመካከላቸው ውሃ የማያሳልፍ ክዳን ካለ ላይነካኩ ይችላሉ። ክዳኑ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም የጥልቁ ጉድጓድ ኬዚንግ (ግድግዳው እንዳይናድ የሚገባው ቱቦ) ዙሪያው ከላይ በደንብ ካልታሸገ፣ የላዩ ውሃ ወደ ታች ይንቆረቆራል።

ይህን የሚፈታው ወሬ ሳይሆን ሙከራ ነው። ባለሙያዎች ፓምፑን 24፣ 48 ወይም 72 ሰዓት ሳያቋርጡ ያስነሱና በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶች ሲወርዱ ይለካሉ። ከዚያ አጥፍተው ሲመለስ ይለካሉ። እኛ ይህን የማስደረግ አቅም የለንም። ፋሲካ ግን አለን። ላቫጆው ለበዓሉ እሑድና ሰኞ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ማታ ለካን። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ደግመን ለካን። ውሃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሏል፤ ያውም እኛ ለበዓሉ ከወትሮው አብዝተን ቀድተን።

አክስቴ «ይኸው!» አለች። ጉዳዩ ተዘጋ ማለቷ ነው።

እኔ ግን ማስላት ጀመርኩ። አንድ ስንዝር የክንድ ግማሽ ነው። ከጠፋው ሦስት ክንድ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ሁለት ቀን ለማገገም ላይበቃ ስለሚችል የላቫጆው ድርሻ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ቀሪው ግን ከሌላ ነው። በዚያ ሰፈር በጥቂት ዓመት ስንት ግቢ ጉድጓድ አስቆፈረ? ስንት ሜዳ ቤት ሆነ? ስንቱ ግቢ ሊሾ ተደረገ? የአክስቴም ግቢ ግማሹ ሊሾ ነው። ላቫጆው ከሩቅ ይታያል፣ አረፋው ይታያል። ሊሾ ግን ማንም አይጠረጥረውም።

ሐረማያ

ሁሉም ሰው የራሱን ትንሽ ድርሻ ሲቀዳ ምን እንደሚሆን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደርቆ ነበር። ለሐረር ከተማ መጠጥ ውሃ ይሳብበት ነበር። ገበሬው ለጫትና ለአትክልት ከሐይቁም በዙሪያው ካሉ ጉድጓዶችም በሞተር ይስብ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ደለል ደግሞ ይሞላው ነበር። ሐይቁን ላድርቅ ብሎ የተነሳ አንድም ሰው የለም። ሐረር በመጨረሻ ውሃ ያገኘችው ድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ በረጅም ቧንቧ፣ ሽቅብ እየተገፋ ነው። ከዓመታት በኋላ ውሃው ወደ ሐይቁ መመለስ ጀመረ። መልሶ ማግኘት ይቻላል ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ያንን ሁሉ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ነው።

ከተሻገርን አይቀር ካሊፎርኒያን በአጭሩ ልጥቀስ። እዚያ ሳን ዋኪን በሚባለው ሸለቆ ለእርሻ ብዙ ውሃ ስበው መሬቱ ራሱ ሰመጠ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1977 ድረስ አንድ ቦታ ላይ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ወርዷል። ውሃ የያዘው ሸክላ ውሃው ሲሳብበት ይጨማደዳል። ከተጨማደደ በኋላ ቢዘንብም አይነፋም፤ ጎተራው ለሁልጊዜው ጠበበ። የከርሰ ምድር ውሃን የሚገዛ ሰፊ ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ክፉኛ ለተጎዱት አካባቢዎችም እስከ 2040 ጊዜ ሰጥተዋል። ሀብታም አገር እንኳ ይህን ያህል ይዘገያል። ጎንደር ጠንካራ ዓለት ላይ ስለሆነች የመስመጡ ስጋት ያን ያህል አያሳስበንም።

ገመድ ለከተማ

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔን ብትጠይቁኝ አንደኛ ገመድ፣ ሁለተኛም ገመድ። መለኪያ ማለቴ ነው።

ከጉድጓድ እየጠጣ ጉድጓዱን የማይለካ ከተማ፣ ጎተራው ውስጥ ሳያይ እህል ለዘመድ የሚያድል ሰው ነው። የሚያስፈልጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ፓምፑ ካረፈ በኋላ ያለው የውሃ ወለል ነው፤ ለምሳሌ ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጠዋት የሚለካው። ሁለተኛው ፓምፑ እየሠራ ያለው ወለል ነው። የመጀመሪያው የሰፈሩን ውሃ ጤንነት ይናገራል። ሁለተኛው የጉድጓዱን የራሱን ጤንነት ጭምር ያሳያል። ያረፈው ወለል ባለበት ቆሞ የሚሠራው ብቻ እየወረደ ከሄደ፣ የታመመው ጉድጓዱ ነው። ውሃ የሚገባበት የቱቦው ወንፊት ተደፍኗል ማለት ነው፤ ማጽዳት ሊበቃው ይችላል። ያረፈው ወለል በየግንቦቱ እየወረደ ከሄደ ግን ሰፈሩ ታሟል። ያኔ አዲስ ጉድጓድ ማስቆፈር በሽታውን ማባባስ ነው። ይህን ሳይለዩ «ጉድጓዱ ደከመ» ብሎ ሪግ መጥራት በሚሊዮን የሚቆጠር ብር መጣል ነው።

ግንቦት ከግንቦት ጋር ይወዳደራል። ግንቦትን ከጥቅምት ጋር አወዳድሮ መደንገጥም መደሰትም ልክ አይደለም። አንድ ዓመት ብቻም አይበቃም፤ ክረምቱ ሲሳሳ ይወርዳል፣ ሲበረታ ይወጣል። አሥር ዓመት የተለካ ጉድጓድ ነው እውነቱን የሚናገር። አክስቴ አራት አላት። ከብዙ መሥሪያ ቤት ሳትሻል አትቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ውሃው ሲርቅ መብራቱም ይጨምራል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ለማውጣት ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ወለሉ ሃያ ሜትር ሲወርድ ሒሳቡ በዚያው ልክ ያድጋል። በአንድ በኩል ይህ ጥሩ ነው፤ ወጪ ሰውን ያስቆማል። ለዚህ ነው የሶላር ፓምፕ ነገር ደስም ስጋትም የሚያሳድርብኝ። ደምቢያ ሜዳ ላይ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ከነዳጅ ወጪ መገላገሉ ግሩም ነው። ነገር ግን ፀሐይ ሒሳብ አታስከፍልም። ፓምፑን ለማጥፋት ምክንያት የሚሆን ነገር ጠፋ ማለት ነው። ሶላር የሚያድል ሁሉ ቆጣሪም አብሮ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ሥራ ማስገባት ነው። ስለ አንገረብ ላንሳ። ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ትልቁን አንገረብ ማለቴ አይደለም፣ የከተማችንን። ለብዙ ዓመት የጎንደር ቧንቧ ዋና ምንጭ ሆኖ የቆየው የአንገረብ ግድብ ነው። በደለል እየተሞላ መምጣቱን የማያውቅ የለም፤ ከተማዋም ጥልቅ ጉድጓድ እየጨመረች ሄዳለች። የመገጭ ግድብ ለመስኖም ለጎንደር መጠጥ ውሃም ታስቦ የተጀመረ ነው። ስንት ዓመት እንደፈጀ የከተማው ሰው በጣቱ ይቆጥራል።

ደለሉና የጉድጓዱ መራቅ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። አይደሉም። ተራራው ሲራቆት ዝናቡ መሬቱን መትቶ ይሮጣል። ሲሮጥ አፈሩን ይዞ ግድቡ ውስጥ ይደፋዋል። ሲሮጥ ደግሞ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም። ያው ጎርፍ በአንድ እጁ ግድቡን ይሞላል፣ በሌላው ምንጩን ያደርቃል። ስለዚህ ከግድቡ በላይ የሚሠራ አንድ እርከን ለሁለቱም ይቆጠራል። ትሬንቹ፣ ክትሩ፣ ከከብት የተከለለው ዳገት፣ ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚሮጠውን ውሃ ያስኬዱታል፣ የሚሄደውን ያስቆሙታል፣ የቆመውን ያሰርጉታል።

ይሠራል ወይ? ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባል መንደር አለች። ድርቅ ያደቀቃት ነበረች። ነዋሪዎቹ ለዓመታት ዳገቱን ከልለው፣ ትሬንች ቆፍረው፣ ቦረቦሩን ከትረው ሠሩ። ውሃው ወደ ላይ ቀርቦ የእጅ ጉድጓድ ቆፍረው መስኖ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። እኛም ጋ በየበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይወጣል። የእኔ ቅሬታ አንድ ነው። የተሠራው እርከን በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፣ ከታች ያለው ጉድጓድ ግን ስንት ስንዝር ከፍ እንዳለ አይለካም። ገመድ የለማ።

ባህር ዛፍን በተመለከተ ከጓደኞቼ ጋር ተጣልቼ አላልቅም። ሥሩ ጠጪ ነው። ምንጭ አናት ላይ መትከሉ ጥፋት ነው። ግን ለደሃው ማገዶም፣ ማገርም፣ ጥሬ ብርም እሱ ነው። ይነቀል ከማለት፣ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ይራቅ ማለት ይሻለኛል።

ከተማ ውስጥስ? 50 ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት 55,000 ሊትር ዝናብ ይወርድበታል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 44,000 ሊትር ይቀራል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 22 ጊዜ ይሞላል። 22 ሮቶ የሚደረድር ሰው የለም፤ ቦታውም ብሩም የለም። አንዱን ሮቶ ሞልቶ የተረፈውን መሬት ውስጥ ማስገባት ግን ይቻላል። ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ይበቃል። ከሽንት ቤት ይራቅ። የጣራ ውሃ ብቻ ይግባበት፤ ዘይት ያጠበ የመንገድ ጎርፍ አይግባ። ወደሚጠጣበት ጉድጓድ በቀጥታ አይለቀቅ። ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሊሾ ከማድረግ ጥቂት አፈር መተውም ሥራ ነው። ኮብልስቶንም በድንጋዮቹ መካከል ትንሽ ያሳልፋል፤ አስፋልት ምንም።

ሽንት ቤትን ካነሳሁ፦ ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ታችም ከውሃው ወለል ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል የሚባለው የተለመደ መመሪያ ነው። በተሰነጠቀ ዓለት ላይ ይህም ሁልጊዜ አያስተማምንም። አሸዋ ያጣራል፣ ስንጥቅ ግን አያጣራም፤ የተቀበለውን እንዳለ ያደርሳል። የተበከለ ጉድጓድ ከደረቀ ጉድጓድ የሚከፋው ውሃው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ፣ ከመሬት ሥር ያለውም ጭምር፣ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለመኖሪያ ቤት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለጥልቁ ግን ያስፈልጋል። እንግዲህ አክስቴ ከሕግ አንጻር የምትፈራው የለም። ላቫጆው ፈቃዱን ማሳየት አለበት።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ባለ 50 ሜትር የግንበኛ ሜትር ገዝቼ ሄድኩ። ጨርቅ ይቅር፣ በወጉ እንለካ ብዬ። አክስቴ ሜትሩን አገላብጣ አየችው። «ይሄንንስ ለላቫጆው ውሰድለት» አለችኝ። «እኔ ገመድ አለኝ።»

ወሰድኩት። ልጆቹ በክብር ነው የተቀበሉኝ፤ ቡና ላይ ነበሩ። ጉድጓዱን አሳዩኝ። ከላይ በብረት ተበይዷል። ከብረቱ ውስጥ አንድ ወፍራም ቧንቧና አንድ የመብራት ገመድ ይወጣሉ፣ ሌላ ቀዳዳ የለም። ሲቆፈር አንዲት ቀጭን ቧንቧ ከፓምፑ ጎን ቢያወርዱለት ኖሮ፣ መለኪያ የሚገባበት ይሆን ነበር። የዚያን ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ አንፃር እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ አልነበረውም። አሁን ለመለካት ብየዳውን መቁረጥ ሊኖርብን ነው። «ባለቤቱን ጠይቅ» አሉኝ። ባለቤቱ ባሕር ዳር ነው።

ስመለስ አክስቴ አምስተኛውን ጨርቅ አስራ ጨርሳለች። ሰማያዊ ነው። ከቢጫው በስንዝር ይርቃል።